የካቶሊክ አልባሳተ ቅዳሴ የበጎ ፈቃድ ጥገና

የአልባሳተ ቅዳሴ የበጎ ፈቃድ ጥገና በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካህናትና ዲያቆናት ለቅዳሴ የሚለብሷቸውን ልብሶች ምእመናን ያለ ክፍያ የሚሰፉበት፣ የሚጥፉበት፣ የሚያጥቡበትና ከብልና ከእርጥበት የሚጠብቁበት ሥራ ነው። በአብዛኛው የሚከናወነው በቁምስና ደረጃ ነው፤ ጥቂት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ሴቶች፣ በሳምንት ወይም በወር አንድ ቀን በዕቃ ቤቱ (ሳክሪስቲያ) ወይም በቁምስናው አዳራሽ ተሰብስበው ይሠሩታል። በአንዳንድ ካቴድራሎችና ገዳማት ቡድኖቹ ከሙዚየም የጨርቅ ባለሙያዎች ጋር አብረው ይሠራሉ።

ሥራው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ልብሱ ተመልሶ እንዲለበስ የሚደረግ ተራ ጥገና ነው፤ የተፈታ ጠርዝ ይሰፋል፣ ያለቀ ገበር ይቀየራል፣ የጠፋ ዘርፍ ይተካል። ሁለተኛው የቆየና የከበረ ልብስ ካለበት ሁኔታ የባሰ እንዳይጎዳ ማድረግ ነው። ይህኛው ልብሱን አዲስ ለማስመሰል አይሞክርም። ሁለቱን መደባለቅ ትልቅ ጥፋት ያስከትላል፤ በየእሑዱ በሚለበስ የፖሊስተር ካዙላ ላይ ትክክል የሆነው ሥራ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሐር ካዙላ ላይ ሲደገም ልብሱን ሊጨርሰው ይችላል።

የሚጠገኑት ልብሶች

በላቲን ሥርዓት ካህኑ መጀመሪያ አሚክቱስ የተባለውን አራት ማዕዘን ነጭ ጨርቅ በአንገቱና በትከሻው ላይ ያደርጋል። ከዚያ አልባ የሚባለውን ነጭ ረጅም ቀሚስ ለብሶ ወገቡን በገመድ ይታጠቃል፤ ስቶላውን በአንገቱ ያጠልቃል፤ ከሁሉም በላይ ካዙላውን ይደርባል። ዲያቆኑ በካዙላ ፈንታ እጅጌ ያለው ዳልማቲካ ይለብሳል። ለዑደትና ለቡራኬ የሚለበሰው ፕሉቪያሌ ግማሽ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ካባ ሲሆን ደረት ላይ በማያያዣ ይዘጋል። ቀድሞ በግራ ክንድ ላይ ይታሰር የነበረው ማኒፑሉስ እ.ኤ.አ. በ1967 ግዴታ መሆኑ ስለ ቀረ በዕቃ ቤት መሳቢያዎች ውስጥ ሳይነካ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ለጠጋኞች ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ማኒፑሉስ ከካዙላው ጋር በአንድ ጊዜ ከአንድ ጨርቅ ስለሚቆረጥ የካዙላው ቀለም ከመደብዘዙ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል።

የቅዳሴ ቀለሞች ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁርና ሮዝ ናቸው። ሮዝ በዓመት ሁለት እሑዶች ብቻ፣ አንዱ በአድቬንት ሌላው በዐቢይ ጾም፣ ይለበሳል። አረንጓዴው ግን የዓመቱን ሰፊ ክፍል የሚሸፍን በመሆኑ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል።

የካዙላ ቅርጽ በዘመናት ተለዋውጧል። በመካከለኛው ዘመን መጀመሪያ እንደ ደወል ሰፊና ዙሪያውን የተዘጋ ነበር። ካህኑ እጁን ሲያነሣ ጨርቁ ስለሚከብደው ጎንና ጎኑ ቀስ በቀስ እየተቆረጠ ሄደ፤ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፊት ክፍሉ እንደ ቫዮሊን ጠበበ። ይህ «ሮማዊ» የሚባለው ቅርጽ በውስጡ ጠንካራ ሸራ ስላለው እንደ ሰሌዳ ይቆማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው አርክቴክት ኦገስተስ ፑጂን የመሳሰሉ ሰዎች ወደ ሰፊው ጎቲክ ቅርጽ እንዲመለስ ተከራከሩ። ሁለቱ ቅርጾች የሚጎዱበትም መንገድ ለየቅል ነው፤ ለስላሳው ጎቲክ በመስቀያ ላይ ሲንጠለጠል ትከሻው ይለጠጣል፣ ደረቁ ሮማዊ ደግሞ በታጠፈበት ይሰነጠቃል።

ታሪክ

ለድሃ አብያተ ክርስቲያናት ጨርቅ ማዘጋጀት ጥንታዊ የአምልኮ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1253 ያረፈችው የአሲዚዋ ቅድስት ክላራ ታማ አልጋ ላይ በነበረችበት ጊዜ ክር እየፈተለች፣ ጽዋውና ኅብስቱ የሚቀመጡባቸውን ኮርፖራሌ የተባሉ ጨርቆች አዘጋጅታ በአሲዚ ሜዳና ተራራ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ትልክ እንደነበር አብረዋት የኖሩ እኅቶች ቅድስናዋ በተመረመረበት ጊዜ መስክረዋል።

በዚያው በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ በመላው አውሮፓ የታወቀ የቤተ ክርስቲያን ጥልፍ ታወጣ ነበር። «ኦፑስ አንግሊካኑም»፣ ማለትም የእንግሊዝ ሥራ፣ በመባል የሚታወቀው ይህ ጥልፍ በለንደን በሙያተኞች የሚሠራ እንጂ የበጎ ፈቃድ ሥራ አልነበረም። ሆኖም ከተሐድሶው በኋላ የተረፉት ጥቂት ልብሶች ዛሬ ድረስ የደረሱት ደመወዝ በሌላቸው እጆች ነው። ከ1310 እስከ 1320 ባለው ጊዜ የተሠራው የሳይን ፕሉቪያሌ እ.ኤ.አ. በ1415 በንጉሥ ሄንሪ 5ኛ በተመሠረተው የሳይን ገዳም መነኮሳይያት እጅ ነበር። ገዳሙ ሲዘጋ መነኮሳይያቱ ካባውን ይዘው ተሰደዱ፤ በፍላንደርስና በፈረንሳይ ከተንከራተቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1594 ሊዝበን ደረሱ። ካባው ወደ እንግሊዝ የተመለሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ከ1864 ጀምሮ ለንደን በሚገኘው በዛሬው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በጠርዙ ዙሪያ ያሉት የጦር ጋሻ ምልክቶች በኋላ ዘመን የተጨመሩ ናቸው።

በእንግሊዝ የቀሩት ካቶሊኮች ሁኔታ ከዚህ የከፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1585 በወጣው ሕግ በውጭ ሀገር የተቀባ ካህን በእንግሊዝ ምድር መገኘቱ በሞት ያስቀጣ ነበር፤ እሱን ያስጠለለም እንደዚሁ። በቤት ፍተሻ ጊዜ የሚገኝ ካዙላ ቅዳሴ ለመቀደሱ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ልብሶቹ ተጣጥፈው በትንሽ ቦታ እንዲደበቁ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ የሴቶች ቀሚስ ተፈትቶ ካዙላ የሆነበት ጊዜም ብዙ ነው። ከዚህ ዘመን ጠላፊዎች በስም የምትታወቀው ሄለና ዊንቱር ናት። አባቷ ሮበርት ዊንቱር በባሩድ ሤራው ተሳትፎ እ.ኤ.አ. በጥር 1606 ተሰቅሏል። እሷ በዉስተርሻየር ሳታገባ ኖራ በወርቅና በብር ክር፣ በአበባ ሐረግ ያጌጡ አልባሳትን ለኢየሱሳውያን ካህናት አዘጋጅታለች፤ ያረፈችው በ1671 ነው። ሥራዎቿ ዛሬ በላንካሻየር በሚገኘው ስቶኒኸርስት ኮሌጅና በዱዌ ገዳም ተጠብቀው ይገኛሉ።

ሥራው በማኅበር መልክ የተደራጀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጅየም ውስጥ ነው። አና ደ ሜኡስ (1823–1904) የባንክ ኃላፊ ልጅ ነበረች። ቤተሰቧ ከብራስልስ ደቡብ ርስት በነበረው መንደር የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ስታይ የልብሶቹ መጎሳቆል አስደነገጣት። የቤተሰቡ ሳሎን መጋረጃ ከመሠዊያው ጨርቅ የተሻለ መሆኑ አሳፈራት ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1848 ከኢየሱሳዊው ካህን ዣን ባቲስት ቦን ጋር በብራስልስ «የዘወትር ስግደትና የድሃ አብያተ ክርስቲያናት ሥራ» ማኅበርን መሠረተች። አባላቱ በወር አንድ ሰዓት በቅዱስ ቁርባን ፊት ይጸልያሉ፣ መዋጮ ያወጣሉ፣ የሚችሉትም በመርፌ ይሠራሉ። በ1857 ከዚሁ ሥራ የደናግል ማኅበር ተወለደ። አሠራሩ ወደ ሌሎች ሀገሮች ተስፋፍቶ በአሜሪካ በፊላደልፊያና በዋሽንግተን «የታበርናክል ማኅበራት» ተብለው የሚታወቁ ቡድኖች ተቋቁመዋል፤ እነዚህ ለድሃ ቁምስናዎችና ለሚስዮን አልባሳትን ሰፍተው በነጻ ይሰጡ ነበር። በየቁምስናው ያሉት የመሠዊያ ማኅበራት ደግሞ ያለውን ማጠብ፣ መተኮስና መጠገን የዘወትር ሥራቸው አደረጉ።

ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ጉባኤው አሮጌ አልባሳትን እንዲጣሉ አላዘዘም፤ በሥርዓተ አምልኮ ላይ ያወጣው ሰነድ ቅዱሳት ንዋያት እንዳይሸጡና እንዳይጠፉ ጳጳሳት በንቃት እንዲጠብቁ ያሳስባል። በተግባር ግን ብዙ ቁምስናዎች ወርቀ ዘቦውን ለጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ሸጡት፣ ለቲያትር ቤት ሰጡት ወይም በእርጥብ ሰገነት ላይ ተዉት። በዚያው ጊዜ በምዕራቡ ዓለም የደናግል ቁጥር ስለቀነሰ የገዳማት የጥልፍ ክፍሎች አንድ በአንድ ተዘጉ። የዛሬዎቹ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ያደጉት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሙያው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ስለነበር አስተማሪዎቹ ሲያልፉ ብዙ ነገር ሳይጻፍ አብሯቸው ሄዷል።

የጉዳት መንስኤዎች

ልምድ ያለው ጠጋኝ ልብሱን ሳይዘረጋ የት እንደተጎዳ ሊገምት ይችላል። አንገቱ በላብና በቆዳ ቅባት ይጠቁራል። የካዙላው ፊት በወገብ ከፍታ ላይ ይሳሳል፤ ካህኑ ሲቀድስ መሠዊያው ጠርዝ ላይ ስለሚደገፍ ዓመት በዓመት ያው ቦታ ይፋቃል። ትከሻው ከመስቀያው የተነሣ ይቀደዳል። የፕሉቪያሌው የታችኛው ጠርዝ መሬት ይጎትታል። ከዚህ ሌላ የሻማ ሰም፣ የወይን ጠብታና ከጽንሐው የሚረግፍ ፍም የየራሳቸውን ምልክት ይተዋሉ።

ከሁሉም አስቸጋሪው ግን ከውጭ የማይመጣው ጉዳት ነው። ጥሬ ሐር ሙጫው ታጥቦ ሲወጣለት ከክብደቱ እስከ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። ሐር በሚዛን ስለሚሸጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የነበሩ አምራቾች የጎደለውን በብረታ ብረት ጨው፣ በተለይ በቆርቆሮ ጨው፣ ይሞሉት ነበር። ጨርቁ ሲገዛ ከባድና የሚንኮሻኮሽ ስለሚሆን ገዢውን ደስ ያሰኛል። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ግን ይኸው ጨው ክሩን ያደርቀዋል፤ ሐሩ ማንም ሳይነካው በድሩ መስመር እየተሰነጠቀ ይበጣጠሳል። ይህን ጨርቅ መርፌ አይይዘውም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አዲስ ስንጥቅ ይሆናል። ከ300 ዓመት በፊት የተሸመነ ሐር ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከጎኑ የተሰቀለው የ100 ዓመቱ ዱቄት ሆኖ መገኘቱ ለብዙ አዲስ በጎ ፈቃደኞች እንግዳ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የወርቅ ጥልፍ የራሱ ባሕርይ አለው። የወርቅ ክር የሚባለው ብዙውን ጊዜ በወርቅ የተለበጠ የብር ቅጠል በሐር ክር ዙሪያ ተጠምጥሞ የተሠራ ነው። ይህ ክር በጨርቅ ውስጥ እየገባ ሲወጣ ስለሚላጥ በጨርቁ ላይ ተጋድሞ በቀጭን የሐር ክር ይታሰራል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያረጀው ማሰሪያው ነው እንጂ ወርቁ አይደለም። ማሰሪያው ሲበጠስ ወርቁ እንደ ቀለበት ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የካህኑ ቀለበት ወይም የሌላ ልብስ ቁልፍ ሲይዘው ደግሞ ረድፉ በሙሉ ይመዘዛል። ኦፑስ አንግሊካኑም ከሌሎች የሚለየው በዚህ ነው፤ ጠላፊዎቹ ማሰሪያውን ከሥር አድርገው ወርቁን በትንሹ ወደ ጀርባ ይስቡት ነበርና ማሰሪያው ከመታሸት ይድናል፣ ጨርቁም በቀላሉ ይታጠፋል።

ብል ሱፍና ላባን ከሁሉ ይመርጣል፤ በካዙላ ውስጥም ብዙውን ጊዜ ከጥልፉ ሥር ለማሳበጥ በተደረገው የሱፍ ጨርቅ ይጀምራል። ብርሃን ቀለሙን ያነጣዋል፣ ክሩንም ያደክማል፤ ይህ ጉዳት ጨርሶ አይመለስም።

የአሠራር ዘዴ

ሥራው የሚጀምረው በመርፌ አይደለም። መጀመሪያ ልብሱ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ ይነሣል፣ ይለካል፣ ገበሩ ላይ ያለው ሁሉ ይመዘገባል። ገበር ብዙ ይናገራል፤ የሰፊው ቤት ስም፣ የለጋሹ ስም መነሻ ፊደላት፣ የቁምስናው ቁጥር፣ አንዳንዴም ለሟች መታሰቢያ የተሰጠበት ቀን ይገኝበታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ከሴት ቀሚስ በተሠሩ ካዙላዎች ላይ የቀሚሱ የቀድሞ እጥፋት ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። በችኮላ ገበሩን ቀድዶ የጣለ ሰው ይህን ሁሉ ታሪክ አብሮ ጥሏል።

ቀጥሎ አቧራው ይነሣል። በልብሱ ላይ ቀጭን መረብ ይዘረጋና ኃይሉ በተቀነሰ የአቧራ መምጠጫ ከመረቡ በላይ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል፤ መረቡ የላላ ክር እንዳይሳብ ይይዛል። አሮጌ ሐርና የወርቅ ጥልፍ በውኃ አይታጠቡም። ቀለሙ ይለቅቅ እንደሆነ የሚፈልግ ሰው በማይታይ ቦታ ላይ እርጥብ ነጭ ጥጥ ጥቂት ጊዜ አስደግፎ ያያል፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሰምን ወረቀት አድርጎ በካውያ ማቅለጥ በየቁምስናው የተለመደ ቢሆንም የቀለጠው ሰም ወደ ክሩ ውስጥ ስለሚሰርግ ባለሙያዎች አይመክሩትም። ሰሙን አቀዝቅዞ በአጥንት ማንኪያ ጫፍ መላጥ ይሻላል፤ የቀረውን እዚያው መተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። የጠቆረ የወርቅ ክርም በብር መወልወያ አይነካም፤ ጥቁረቱ ከአየር ውስጥ ካለ ድኝ የመጣ ነው፣ መወልወያው ግን ስሱን ወርቅ ራሱን ይልጠዋል።

የተንጠለጠለ የወርቅ ክር አይቆረጥም። ቀለበቱ በጣት ተስተካክሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ይጋደምና ከቀድሞው ማሰሪያ ጋር በሚመሳሰል፣ በንብ ሰም በተለሰለሰ ቀጭን የሐር ክር እየታሰረ ይሄዳል። በተቻለ መጠን መርፌው የሚገባው በቀድሞው ቀዳዳ ነው። አንድ ካሬ ጣት የሚያህል ቦታ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሊወስድ ይችላል።

የተቀደደ ሐር ከሥሩ በተመሳሳይ ቀለም በተነከረ ደጋፊ ጨርቅ ይያዛል። ስንጥቁ ተዘርግቶ ጠርዙ ከጠርዙ ይገጥማል፤ ከዚያ ረጃጅም ክሮች በስንጥቁ ላይ ይጋደሙና በትናንሽ ስፌት ከሥሩ ጨርቅ ጋር ይጠቀማሉ። ጨርቁ መርፌ የማይችል ሲሆን በላዩ ላይ እንደ ጭጋግ የሳሳ ክሬፕሊን የተባለ ሐር ወይም ቀጭን የናይሎን መረብ ተደርጎ ጤነኛ በሆነው ጠርዝ ላይ ብቻ ይሰፋል። ለዚህ ሥራ ቀጥ ካለው መርፌ ይልቅ እንደ ሐኪም መርፌ የተቆለመመው ይመረጣል፤ ልብሱ ከጠረጴዛ ሳይነሣ መስፋት ያስችላልና። ማጣበቂያ፣ በካውያ የሚለጠፍ ገበርና ፕላስተር በምንም ዓይነት አይደረጉም። ዛሬ የሚለፋባቸው ብዙ ጉዳቶች በቀናነት የተለጠፉ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ማጣበቂያዎች ናቸው፤ ሙጫው ከርሞ ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ሲላጥም ጨርቁን ይዞ ይወጣል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ነገ ሌላ ሰው ሊፈታው የማይችለውን ነገር አለመሥራት።

ብል የገባበት ልብስ በፕላስቲክ በደንብ ታሽጎ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በቤት ማቀዝቀዣ (ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ) ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርሰው ግን ሦስት ቀን ይበቃል። ሲወጣ ፕላስቲኩ ወዲያው አይከፈትም፤ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ካልተጠበቀ ጤዛ ይይዘዋል።

ከተጠገነ በኋላ ያለው አቀማመጥ ከጥገናው አያንስም። የከበዱ ልብሶች አይሰቀሉም፤ በሰፊ መሳቢያ ተጋድመው ይቀመጣሉ። ማጠፍ ግድ ከሆነ በእጥፋቱ ውስጥ አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ይገባል፤ እጥፋቱም በየጊዜው ቦታ ይቀይራል። አንዳንድ የእንግሊዝ ካቴድራሎች ፕሉቪያሌው ሳይታጠፍ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፎ እንዲገባ በግማሽና በሩብ ክብ ቅርጽ የተሠሩ የመካከለኛው ዘመን ሣጥኖች እስከ አሁን አሏቸው።

ጥልፍን ወደ አዲስ ጨርቅ የማዛወር ክርክር

መደቡ ሲያልቅ ጥልፉ ጤነኛ ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው። የቀድሞ ጠጋኞች መልስ ጥልፉን ዙሪያውን ቆርጦ በአዲስ ከፋይ ወይም ሐር ላይ መስፋት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ በገዳማትና በልብስ ቤቶች በብዛት ተደርጓል። የዛሬ የሙዚየም ባለሙያዎች ይቃወሙታል። ጥልፉ ሲቆረጥ በጠርዙ ያለው ስፌት ይጠፋል፤ ጠላፊው የሣለው የመጀመሪያ ንድፍ፣ የመደቡ ሽመናና የልብሱ ቅርጽም አብረው ይጠፋሉ።

ሆኖም ነገሩ አንድ ወገን ብቻ የለውም። ከ1335 እስከ 1345 ገደማ የተሠራው የበትለር-ቦውደን ፕሉቪያሌ በካቶሊክ ቤተሰብ እጅ ሳለ ተቆራርጦ ካዙላ፣ ስቶላ፣ ማኒፑሉስና የመሠዊያ መጋረጃ ሆኖ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቁርጥራጮቹ ተሰብስበው እንደገና ካባ ሆኑ፤ ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። የቆረጡት ሰዎች ልብሱን አበላሹት ማለት ይቻላል፤ ባይቆርጡትና በጥቅም ላይ ባያውሉት ኖሮ ግን ሳይጣል ይቆይ እንደነበር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው የቺችስተር-ኮንስታብል ካዙላም ከሰፊ ልብስ ተቀንሶ የተረፈ ነው።

የቁምስና ቡድኖች ጥያቄ ከሙዚየሙ ይለያል። ሙዚየም ልብሱን ለማቆየት ያቆየዋል፤ ቁምስና ግን ለመቀደሻ ይፈልገዋል። በመስታወት ውስጥ ከ50 ሉክስ በማይበልጥ ብርሃን የተቀመጠ ካዙላ ዕድሜው ይረዝማል እንጂ ካህን አይለብሰውም። ብዙ ቡድኖች መካከለኛ መንገድ ይከተላሉ፦ ልዩ የሆነው፣ የቆየውና አምሳያ የሌለው እንዳለ ይጠበቃል፤ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሊዮንና በሌሎች ከተሞች በጃካርድ መሸመኛ በብዛት የተመረቱት ደግሞ መደባቸው ተቀይሮ ለበዓላት ይለበሳሉ። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቡድን ይህ መንገድ አደገኛ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት።

የቤተ ክርስቲያን ደንብና የሀገር ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቀኖና ሕግ ቁጥር 1171 የተባረኩ ንዋያት በግለሰብ እጅ ቢሆኑም እንኳ በክብር እንዲያዙና ለዓለማዊ ጥቅም እንዳይውሉ ያዛል። በቁጥር 1292 መሠረት በጥበብ ወይም በታሪክ ውድ የሆነ ንብረት ያለ ቅድስት መንበር ፈቃድ ወደ ሌላ ሊተላለፍ አይችልም። ስለዚህ የቁምስናው ቆሞስ ከፈቀደ በቂ ነው የሚለው የበጎ ፈቃደኞች አስተሳሰብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ከጥቅም ውጭ የሆነ ልብስ በልማድ ይቃጠላል፣ አመዱም መሬት ውስጥ ይቀበራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ረደምፕሲዮኒስ ሳክራመንቱም» ለእነዚህ ቡድኖች በቀጥታ የሚመለከት ሁለት ነገር ይዟል። ቅዱስ ቁርባን የነካቸው ጨርቆች የመጀመሪያ እጥበት በእጅ ሆኖ ውኃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የተለየ ማፍሰሻ ወይም ተስማሚ በሆነ ቦታ ወደ መሬት እንዲፈስ ያዛል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ጨርቅ ሊታጠብ ይችላል። ሁለተኛው በታላላቅ በዓላት የከበረ ልብስ ቀለሙ የቀኑ ባይሆንም እንዲለበስ ይፈቅዳል፤ ይህ ፈቃድ በተለይ ከብዙ ዘመን በፊት ለተሠሩት፣ የቤተ ክርስቲያን ቅርስ እንዲጠበቅ ታስቦ የተሰጠ መሆኑንም ይገልጻል። ለጠጋኞች ይህ ትርጉም አለው፤ በዓመት አንድ ቀን የሚለበስ ልብስ በየዓመቱ ይታያል፣ ይናፈሳል፣ ብል ከገባበትም ቶሎ ይታወቃል።

የሀገር ሕግም አለ። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 9 ቀን 1905 ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን የለየው ሕግ ከወጣ ወዲህ ከዚያ በፊት የነበረው የመንደር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ በአብዛኛው የማዘጋጃ ቤቱ፣ የካቴድራሎቹ ደግሞ የመንግሥት ንብረት ሆኗል። አንዲት የመንደር ሴት ካዙላውን ልትጥፍ ወደ ቤቷ ስትወስድ የሕዝብ ንብረት መውሰዷ ላይታወቃት ይችላል፤ ልብሱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ አንድ ስፌት መጨመር አይቻልም። በጣሊያንም በ2004 የወጣው የባህል ቅርስ ሕግ በቤተ ክርስቲያን እጅ ያሉ ቅርሶችን ለማደስ የመንግሥት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል፤ እድሳቱም ሙያው ላላቸው ሰዎች ብቻ የተተወ ነው። በእነዚህ ሀገሮች የበጎ ፈቃደኞች ድርሻ መመዝገብ፣ ፎቶ ማንሣት፣ ማናፈስ፣ በወረቀት መጠቅለልና ነጫጭ ጨርቆችን ማጠብ ነው። ይህ ከመርፌ ሥራው ያነሰ ቢመስልም ዝርዝሩ ያልተጻፈ ልብስ ሲሰረቅ የእኛ ነው ብሎ ማስረዳት ስለማይቻል ክብደቱ ቀላል አይደለም።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሥርዓቶችን ትጠቀማለች። በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር-ደሴ የግእዝ ሥርዓት ይከናወናል፤ ካህናቱ የሚለብሱት ካባም ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልብስ ጋር ይቀራረባል። በደቡብ፣ በምዕራብና በምሥራቅ ባሉት ሐዋርያዊ አስተዳደሮች ደግሞ የላቲን ሥርዓት ስለሚከናወን ካዙላና ስቶላ ይለበሳሉ። ስለዚህ የጥገናው ሥራ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የግእዙ ካባ ከፋይ፣ ዘርፍና የወርቅ ጥብጣብ የበዛበት በመሆኑ የሚፈታው በጠርዙና በጥብጣቡ በኩል ነው፣ የላቲኑ ካዙላ ግን በአንገቱና በገበሩ ያልቃል። በሀገር ውስጥ ሸማኔ በተሠራ የጥጥ ጨርቅ ላይ በጥበብ ጥለት የተሰፉ ካዙላዎች ደግሞ ከወርቀ ዘቦው በተለየ መንገድ ይያዛሉ፤ ጥጡ መታጠብ ቢችልም የጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ አስቀድሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ መፈተሽ አለበት።